ከዲዋን እስከ ቀበሌ፦ የሐረር ሰው መብቱን ያገኘው በማን በኩል ነበር?



የሐረር ታሪክ ሲነሳ አብዛኞቻችን የሚታወሰን የአሚሮቹ፣ የጁገል ግንብና የመስጂዶቹ ታሪክ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ስለማይወራ ሌላ ታሪክ እንነጋገር። አዛውንቱ፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ የቀን ሠራተኛውና አካል ጉዳተኛው ከመንግሥት የሚገባቸውን ነገር በምን መንገድ ሲያገኙ ኖሩ? ሲቀርባቸውስ የቀረባቸው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የድሮ ብቻ አይደለም። ዛሬ በሀገራችን የጡረታ ሕግ አለ፤ የጤና መድኅን አለ፤ የከተማ ሴፍቲኔት አለ። በየሰፈራችን ግን አባታቸው ለዓመታት የጡረታ መዋጮ ከፍሎ ሞቶ አበል መጠየቅ እንደሚችሉ የማያውቁ ልጆች አሉ። የሕክምና ገንዘብ አጥታ ቤቷ የተኛች፣ መንግሥት መዋጮዋን ሊሸፍንላት እንደሚችል የነገራት ሰው የሌለ እናት አለች። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ሰውየው ግን አልደረሰበትም። የሐረር ታሪክ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለው።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ወይም ሒጅራ ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

◆ የመጀመሪያው መዝገብ

ከሐረር በፊት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን ወደ መዲና የሚገባው ገንዘብ በዛ። ይህን ገንዘብ ለሕዝቡ ለማከፋፈል ዑመር በሒጅራ 20ኛው ዓመት ገደማ ዲዋን የሚባለውን መዝገብ አቋቋሙ። በመዝገቡ የሰው ስም ከነቤተሰቡ ይጻፋል፤ በዓመት የሚያገኘው ድርሻም ይወሰናል። መንግሥት ገንዘብ ለመስጠት መጀመሪያ ሰውን ማወቅ፣ ስሙን መጻፍና ያለበትን ሁኔታ መመዝገብ እንዳለበት ያኔ ተገንዝበው ነበር።

ከዲዋኑ ጋር ተያይዞ ሙአሪኾች የሚያስተላልፉት አንድ ታሪክ አለ። መጀመሪያ ላይ ለሕፃናት ድርሻ የሚቆረጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጋር ከተማ ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ደጋግመው ቢጠይቋት ልጁን ያለጊዜው ጡት ለማስጣል እየታገለች መሆኑን ነገረቻቸው። ምክንያቷም ዑመር ጡት ላልጣለ ልጅ ድርሻ አይሰጥም የሚል ነበር። የምታናግረው ሰው ዑመር መሆናቸውን አላወቀችም። ዑመር በጣም አዘኑ፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ ድርሻው ከልደት ጀምሮ ለሁሉም ሕፃን እንዲሆን አዘዙ፤ ትእዛዙም ወደየሀገሩ ተላከ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ በጎ የታሰበ ሕግ አፈጻጸሙ ሲታይ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የታወቀው መሪው በሌሊት ወጥቶ የእናቲቱን ቃል በጆሮው ስለሰማ ነው። የሰዎች ችግር ቢሮ ድረስ ራሱ አይመጣም። ወይ ባለሥልጣኑ ወደ ሰው ይወጣል፣ ወይ ደግሞ የሰውን ችግር ወደ ባለሥልጣኑ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል።

ዑመር በልመና ላይ ያገኟቸውን አንድ አረጋዊ አይሁዳዊ ከበይተልማል እንዲረዱ ማዘዛቸውም ተዘግቧል። በጉልበቱ ዘመን ግብር የተቀበልነውን ሰው ሲያረጅ መጣል ፍትሕ አይደለም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ዛሬ የጡረታ ሕግ የምንለው ሐሳብ መሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

◆ ጁገል፦ የራሷ ሥርዓት የነበራት ከተማ

አሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ያሠሩት የጁገል ግንብ ከተማዋን ከጥቃት ጠበቃት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሐረር ራሷን የቻለች አሚሬት ሆነች፤ ማሐለቅ የሚባል የራሷን ገንዘብ ቀረጸች። ቃዲ ነበራት፤ ሽያጭ፣ ውርስና የመሬት ጉዳይ በዐረብኛ በመዝገብ ይሰፍር ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ መዝገቦችና ሰነዶች ዛሬም የተመራማሪዎች ምንጭ ናቸው። ይህች ከተማ ከወረቀትና ከመዝገብ ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም።

ድሃውን ማን ይደግፍ ነበር? በዘመኑ እንደ ዛሬው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አልነበረም። ዘካ ነበር፤ ለመስጂድና ለትምህርት የተሰጠ ወቅፍ ነበር፤ ዘመድና ጎረቤት ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አፎቻ ነበር።

አፎቻን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ አፎቻ የሐረሪዎች የሠርግና የለቅሶ ማኅበር ነው። በሌላው የሀገራችን ክፍል እድር ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። የወንዶችም የሴቶችም አፎቻ አለ። አባሉ መዋጮ ያዋጣል፤ ለቅሶ ሲሆን ይደርሳል፤ ሠርግ ሲሆን ያግዛል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐረር ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ሲድኒ ዋልድሮን የከተማውን ሰው የሚያስተሳስሩ ሦስት ገመዶችን ለይቶ ጽፏል፦ አህሊ (ዘመድ)፣ አፎቻ (ማኅበር) እና መሪኝ (ጓደኝነት)። አንድ ሰው በአፎቻው ከአንዱ ወገን ጋር ሲተሳሰር በዘመዱ ደግሞ ከሌላው ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በአንድ ለቅሶ ቤት የተነገረ ወሬ ሳይውል ሳያድር ሌላው የከተማ ጫፍ ይደርሳል።

ዋልድሮን ከፒተር ኮህን ጋር ሆኖ በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ርዕሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጥናቱ አፎቻን የሚያየው በሐረር ማኅበረሰብና በአስተዳደሩ መካከል እንዳለ ማገናኛ አድርጎ ነው። አያቶቻችን የሠርግና የለቅሶ ብቻ ነው የሚሉት ማኅበር ከመንግሥት የሚመጣን ነገር ወደ ሕዝቡ፣ የሕዝቡንም ወደ መንግሥት የሚያደርስ መንገድ ሆኖ በምሁራን ዓይን ታይቷል ማለት ነው።

◆ የቢሮው ቋንቋ ሲቀየር

ከ1868 ጀምሮ ግብፆች ሐረርን ለአሥር ዓመት ገደማ ያዙ። እነሱ ወጥተው አሚር ዐብዱላሂ ጥቂት እንደገዙ በ1879 የጨለንቆ ጦርነት ሆነ፤ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኮንንም አስተዳዳሪ ሆኑ። የዚህ ታሪክ ፖለቲካዊ ጎን በሌላ ጽሑፍ የሚታይ ነው። ለርዕሳችን የሚጠቅመን አንድ ለውጥ ነው፦ የመንግሥት ቢሮ ቋንቋ ተቀየረ።

በጁገል ውስጥ የተማረው ሰው የሚጽፈው በዐረብኛ ፊደል ነበር። በቤቱ ሐረሪኛ ይናገራል፤ በገበያ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይሰማል። አሁን ግን አቤቱታው፣ የግብር ደረሰኙና የዳኛው ውሳኔ በአማርኛ ሆነ። በሀገሩ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የሚችል ዓሊም ቢሮ ሲገባ እንዳልተማረ ሰው ተቆጠረ። በዚህ መሐል አዲስ የሥራ ዓይነት ተፈጠረ፤ አስተርጓሚው፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ በኋላም ጉዳይ አስፈጻሚው። ዛሬም በየፍርድ ቤቱና በየክፍለ ከተማው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው የዚያ ታሪክ ቅጥያ ነው።

በእርግጥ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሐቀኛ ሠራተኞች ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። መብትህን ለማወቅ ሰው መክፈል ካለብህ፣ መክፈል የማትችል ከሆነ መብትህን አታውቅም። ድጋፍ በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ መክፈል የማይችለው ነው።

በ1936 የወጣው የናኢባና የቃዲ ጉባኤ አዋጅ ለሙስሊሙ በዚህ ረገድ አንድ ጥቅም ነበረው። የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የውርስና የወቅፍ ጉዳዮችን የሚያዩ የቃዲ ፍርድ ቤቶች በሕግ እውቅና አገኙ። ማን ሚስት እንደሆነች፣ ማን ወራሽ እንደሆነ የሚያረጋግጥ ወረቀት ሰዎች ከሚያውቁት ቃዲ መውሰድ ቻሉ። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አጠናክሯል። ይህ ከጡረታ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል፤ ወደ በኋላ እናየዋለን።

◆ ጡረታ ማንን አካተተ? ማንን ተወ?

በሀገራችን ዘመናዊ የጡረታ ሥርዓት የቆመው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን ዋናው ሕግ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ሠራተኛውም መንግሥትም ያዋጣሉ፤ ሠራተኛው ሲያረጅ ወይም ሲሞት አበል ይከፈላል። ነገር ግን ሕጉ ያካተተው የመንግሥት ሠራተኛውንና ወታደሩን ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረውን የሐረር ሰው አስቡት። ነጋዴ ነው፤ ሸማኔ ነው፤ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ከግንቡ ውጪ የቡናና የጫት ማሳ ያለው ነው። ሴቷ ሙዳይና ሰፌድ ትሰፋለች፤ ገበያ ትቸረችራለች። የገጠሩ ኦሮሞ ገበሬ ምርቱን ይዞ በአምስቱ በሮች ይገባል። ከእነዚህ አንዳቸውም በጡረታ ሕጉ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ "ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ነው" የሚለው አባባል ያኔ እውነት ነበር። ዛሬ ግን እውነት አይደለም፤ ሆኖም አባባሉ ከሰው አፍ አልወጣም። ሕጉ ከተቀየረ በኋላ የድሮው ሕግ በሰው አእምሮ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲኖር ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

◆ ቀበሌ መጣ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ብዙ የጁገል ቤተሰብ በኪራይ ይተዳደርበት የነበረውን ቤት አጣ፤ ወቅፍ የነበሩ የሚከራዩ ቤቶችም አልተረፉም። በሌላ በኩል ተከራይ የነበረው ድሃ የቤት ኪራይ ተቀነሰለት። አንዱ ሲጎዳ ሌላው ተጠቀመ።

ይኸው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን፣ ማለትም ቀበሌን ወለደ። ቀበሌ ኪራይ ሰበሰበ፤ የፍርድ ሸንጎ አቋቋመ፤ ስኳርና ዘይት በሱቁ አከፋፈለ፤ መታወቂያ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የነጻ ሕክምና ወረቀትም፣ የድህነት ማስረጃም፣ የነዋሪነት ማረጋገጫም የሚገኘው እዚያ ሆነ። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሰፈሩ ድረስ ወረደ። ዲዋኑ ሰፈር ገባ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ሰው ቀበሌን በሁለት ዓይን አየው። ስኳር የሚሰጠው ቀበሌ ወጣቱን የሚያስረውም ቀበሌ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ መጠራት የሚያስፈራ ነገር ነበር። የዛሬ አያቶቻችን "ስምህን አታስመዝግብ" የሚሉት ከስንፍና ወይም ከአለማወቅ ብቻ አይደለም። መዝገብ ሰውን የሚጠቅምም የሚያስይዝም እንደሆነ አይተዋል። ወጣቱ ይህን ሳይረዳ "ሽማግሌዎቹ ኋላ ቀር ናቸው" ካለ ይሳሳታል። መዝገቡ ዛሬ ለምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየውና ምን እንደሚያስገኝ በትዕግሥት ማስረዳት ነው የሚያስፈልገው።

◆ ያለፉት ሃያ ዓመታት ያመጡት

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ ሁለት ነገር ይላል፤ ዜጋ ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው፤ መንግሥትም አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት እንክብካቤ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ የመጡት ለእኛ ከተማ ቅርብ የሆኑ ሦስት ለውጦች ናቸው።

አንደኛው የግል ሠራተኛ ጡረታ ነው። አዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኛውን በጡረታ ሥርዓት አስገባ፤ በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተካ። መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ ዓመቱን ላልሞላው ዳረጎት የሚባል አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ አለ። በሆቴል፣ በፋብሪካ፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ የሚሠራ ወንድምህ በዚህ ውስጥ ነው። የ2003ቱ አዋጅ በሃይማኖት ተቋም የሚሠሩ ሰዎችና በመደበኛ ያልሆነ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚካተቱበትንም በር ከፍቶ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቁርኣን ሲያስቀራ የኖረ ኡስታዝ፣ አዛን ሲያደርግ የኖረ ሙአዚን ሲያረጅ በሰዎች ችሮታ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። የመስጂድ ኮሚቴዎች አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ለዚህ ምን እንደሚፈቅድ ከማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ጠይቀው መረዳት ይገባቸዋል።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። በ2003 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ፤ ሐረሪም ከእነዚህ አንዱ ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ከፍሎ ይታከማል። ምንም አቅም ለሌለው ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። የሚሸፈንላቸው ሰዎች የሚመረጡት በየአካባቢያቸው ነው፤ ስማቸው ያልተነሳ አይመረጡም።

ሦስተኛው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 አካባቢ ሥራ ሲጀምር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ሐረር ነበረች። ወጪው በዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላርና በመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር የተያዘ ሲሆን፣ በ11ዱ ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። ከእነዚህ 84 በመቶው መሥራት የሚችሉ ሆነው በአካባቢ ልማት ሥራ ላይ ተሰማርተው የሚከፈላቸው፣ 16 በመቶው ደግሞ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ሆነው በቀጥታ የሚደገፉ ናቸው። በኋላ ፕሮግራሙ ሰፍቶ የወጣቶች የሥራ ላይ ልምምድንም አካተተ። ተጠቃሚውን የሚለየው የአካባቢው ኮሚቴ ነው፤ የስም ዝርዝር በአደባባይ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴም አለ።

◆ ገመዱ የሚበጠሰው የት ነው?

አንዲት እናት እናስብ። ባሏ በአንድ የግል ድርጅት ጥበቃ ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሞተ። ሦስት ልጆች አሏት። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት ለሚስት የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ጠቅላላው ከሟቹ አበል እንዳይበልጥ ይስተካከላል። ይህች እናት አበሉን ለማግኘት ምን ያስፈልጋታል?

መጀመሪያ ወሬው ያስፈልጋታል። ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው ብላ ካመነች ከቤቷም አትወጣም።

ቀጥሎ ወረቀት ያስፈልጋታል። የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹ ልደት ማስረጃ፣ የባሏ የጡረታ ምዝገባ። ኒካሑ በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት የታሰረ ትክክለኛ ጋብቻ ነው፤ ወረቀቱ ግን የለም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ምዝገባው በሀገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ያገባችው እናት ቃዲ ዘንድ ሄዳ ምስክር አቁማ ማስረጃ ማውጣት ይኖርባታል። ከላይ ስለ ቃዲ ፍርድ ቤት ያነሳነው ለዚህ ነው። ለኒካሕ ጊዜ ያልወጣች አንዲት ወረቀት ከዓመታት በኋላ የልጆች ዳቦ ትሆናለች።

ሦስተኛው ሐያእ ነው፤ የእጅ መዘርጋት ሐፍረት። ሐያእ የሚወደድ ባሕርይ ነው። ግን መለመንና መብትን መጠየቅ አንድ አይደሉም። ጡረታ ከባሏ ደመወዝ በየወሩ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ አልጠየቀችም። የጤና መድኅንም፣ ሴፍቲኔትም ቢሆን ሕግና በጀት የተያዘለት እንጂ የማንም ችሮታ አይደለም።

አራተኛው ጊዜ ነው። የጡረታ ሕጎች ጥያቄ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ ይወስናሉ። ለቅሶው ይለፍ፣ ዒዳዬን ልጨርስ፣ ልጆቹ ይደጉ እያለች ዓመታት ካለፉ የሚቀርባት ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ዒዳ ላይ ላለች እናት ወረቀቱን የሚከታተልላት ወንድም ወይም ልጅ ያስፈልጋታል።

አምስተኛው ደላላው ነው። "ስምሽን አስገባልሻለሁ፣ ከመጀመሪያው ክፍያ ግማሹን ትሰጪኛለሽ" የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው የሚኖረው ሌላው ዝም ስላለ ነው። መረጃው በነጻ ከተነገረ ደላላው የሚሸጠው ነገር አይኖረውም።

◆ አፎቻ ይችላል፤ ግን ሁሉንም አያውቅም

ታዲያ መፍትሔው አፎቻን መመለስ ነው? ግማሽ መልሱ አዎ ነው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው አፎቻው ወይም እድሩ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ "ሟች የት ይሠራ ነበር? ጡረታ ነበረው? የሞት ምዝገባ ማን ይሂድ?" ብሎ መጠየቅ የቀብር ወጪን ከመሸፈን ያነሰ ውለታ አይደለም። ቢሮው ሞትን ከወራት በኋላ ሊሰማ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን በዚያው ቀን ይሰማል።

ሌላው ግማሽ ግን ከባድ ነው። አፎቻ አባላቱን ነው የሚያውቀው። መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው ቀስ ብሎ ከማኅበሩ ይወጣል። ከገጠር መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድር ልጅ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እህት፣ ትናንት የተከራየ ጎረቤት፣ ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ የአንድም አፎቻ ስም ዝርዝር ውስጥ የለም። ድጋፍ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ሰው ከሁለቱም መዝገብ ውጪ ነው፤ ከቀበሌውም ከማኅበሩም። የአካባቢ ኮሚቴም ቢሆን የሚመርጠው የሚያውቀውን ነው፤ ዘመድና ወዳጅ ያለው ስሙ ይነሳል፤ የሌለው ይረሳል። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የተቋቋመው ለዚህ ነበር፤ ቅሬታ የሚያቀርበው ግን መጀመሪያ ዝርዝሩ መለጠፉን ያወቀና ማንበብ የቻለ ሰው ነው።

ሐረር ደግሞ የአንድ ብሔር ወይም የአንድ ሃይማኖት ከተማ አይደለችም። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው አብረው የሚኖሩባት ናት፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ናቸው። ከተማዋ ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ያገኘችው በዚህ አብሮ መኖር ነው። መረጃ በአንድ ቋንቋና በአንድ ማኅበር ብቻ ከተነገረ ግንቡን ሳናውቅ እንደገና ሠራነው ማለት ነው። ዑመር የረዱት አረጋዊ አይሁዳዊ መሆኑን አንርሳ።

◆ ከወጣቱ የሚጠበቀው

የድሮው አስተርጓሚ ሥልጣኑ ሁለት ቋንቋ ማወቁ ነበር። ዛሬ በከተማ ያለው ሙስሊም ወጣት ቢያንስ ሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ ያነባል፤ ስልክ በእጁ አለ። ያ አስተርጓሚ ያስከፍልበት የነበረውን ሥራ በነጻ መሥራት ይችላል። ትልቅ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም። ከቤትህ ጀምር።

አባትህ ወይም ወንድምህ በግል ድርጅት የሚሠራ ከሆነ የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳለውና መዋጮው በየወሩ ገቢ እየተደረገ መሆኑን አጣራ። ከደመወዙ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ ከሆነ ሲያረጅ ሳይሆን አሁን ነው የሚጠየቀው።

በቤተሰብህ ኒካሕ ሲታሰር በዚያው ወር ይመዝገብ። ልጅ ሲወለድ ዐቂቃው ሲታሰብ የልደት ምስክር ወረቀቱም አብሮ ይታሰብ። ሞት ሲሆን ከቀብር መልስ አንድ ሰው የምዝገባው ኃላፊ ይሁን።

የአያትህን የመታወቂያ ጉዳይ አትተው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ (ፋይዳ) በየአገልግሎቱ እየተጠየቀ ነው። አሻራዋ የደከመ፣ መራመድ የማትችል አሮጊት ብቻዋን ሰልፍ አትቆምም፤ ይዘሃት ሂድ።

የሴፍቲኔት ወይም የጤና መድኅን ዝርዝር በቀበሌው ሲለጠፍ ሄደህ አንብበው። ስልክህ ላይ ፎቶ ለመለጠፍ ሳይሆን በሰፈርህ ማን እንደቀረ ለማየት። የቀረውን ሰው ጠይቀው፤ ከፈለገ ቅሬታውን ጻፍለት፤ ቅጂውን አስቀርለት፤ የተቀበለውን ቢሮ ቀንና ፊርማ ያዝ። የሰውን ምስጢር ግን ጠብቅ። የድህነት ማስረጃ የጎረቤት ወሬ መሆን የለበትም።

በሰፈርህ አፎቻ፣ እድር ወይም የመስጂድ ጀመዓ ካለ አንድ ጥያቄ በአጀንዳቸው እንዲገባ ለምን፦ "በዚህ ወር ከእኛ ዝርዝር ውጪ ያለ ማን ተቸግሯል?" ይህን የሚጠይቅ ማኅበር ከአፎቻም በላይ ሆነ ማለት ነው።

የዑመር ዲዋን፣ የጁገል ቃዲ መዝገብ፣ የ1955ቱ የጡረታ ሕግ፣ የ1967ቱ ቀበሌ፣ የ2009ኙ ሴፍቲኔት ሁሉም ሰውን ለማወቅ የተዘረጉ መዝገቦች ናቸው። በሁሉም ዘመን ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ሰው ነበር፤ በሁሉም ዘመን ደግሞ ያንን ሰው እጁን ይዞ ወደ መዝገቡ የወሰደ ሌላ ሰው ነበር። የሁለተኛውን ሰው ስም ታሪክ አልጻፈም። አላህ ግን ያውቀዋል።

ይህን ጽሑፍ በሰፈራችሁ ለምታውቋት አንዲት እናት አንብቡላት። ጽሑፉን ማንበብ የማይችል ሰው ነው ጉዳዩ በጣም የሚነካው።